በየማለዳው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ

የሥራ ባልደረቦቿ «አምስት ምላስ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ሽቦ ነው፤ እሱም ሽቦ የተባለው ቀጭን ስለሆነና ቀኑን ሙሉ ከኬብል ጋር ሲጓተት ስለሚውል ነው። የሆስፒታሉን ድረ ገጽ በአምስት ቋንቋ የምታስተዳድረው እሷ ናት። ቅጽል ስሟን ብቻ የሰማ ሰው አምስቱንም ቋንቋ እንደ ውኃ የምትጠጣቸው ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር የምትችለው ሁለቱን ብቻ ነው። ሦስቱን የምታውቃቸው በመልክ ነው፤ ሰው በየማለዳው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የሚያገኛቸውን፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም የሚላቸውን፣ ስማቸውን ግን ጠይቆ የማያውቃቸውን ሰዎች እንደሚያውቅ።

«ቀጠሮ» የሚለው ቃል በሦስተኛው ቋንቋ ረጅምና ጅራታም ነው፤ እንደ ባቡር ይጎተታል። በአራተኛው አጭርና ክብ ነው፤ በመዳፍ የሚያዝ ጠጠር ይመስላል። በአምስተኛው መካከሉ ላይ ሁለት ነጥቦች አሉት፤ አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች ይመስላሉ። ትርጉሙን ሳታውቅ መልኩን ለምዳዋለች። አንድ ፊደል ቢጎድል ቅር ይላታል፤ የት ጋ እንደጎደለ ግን አታውቅም። ሰው ለማያነበው ነገር እንዲህ ሊሳሳ መቻሉ ይደንቃል።

ቢሮዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከአሮጌ የሕሙማን ካርዶች ማከማቻ ጎን ነው። መስኮቷ የሚያየው የልብስ ማጠቢያውን ጓሮ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ የተሰጡት አንሶላዎች ባንዴ ይነፋሉ፣ ባንዴ ይከስማሉ፤ ሕንፃው ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። ማለዳ ኮምፒውተሯን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው አንድ ሰንጠረዥ ነው። ከላይ ወደ ታች ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጾች ተደርድረዋል፤ ወደ ጎን አምስት ቋንቋዎች። በየመገናኛው አንዲት ነጥብ አለች። አረንጓዴ ከሆነች ትርጉሙ ደህና ነው። ቢጫ ከሆነች ዋናው ገጽ ተለውጦ ትርጉሙ ወደ ኋላ ቀርቷል። ቀይ ከሆነች ትርጉም የሚባል ነገር የለም።

ዋናው ገጽ «እናት» ይባላል፤ የሌሎቹ ቋንቋዎች ገጾች ልጆቿ ናቸው። እናቲቱ ላይ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከተነካች አራቱም ልጆች ባንዴ ቢጫ ይለብሳሉ። እናቲቱ ሦስት አንቀጽ ካላት ልጆቿም ሦስት ነው የሚኖራቸው፤ አራተኛ መጨመር የሚፈልግ ልጅ ቢኖር ሲስተሙ በሩን አይከፍትለትም።

«ኃይለኛ እናት ናት» ይላል ሽቦ፤ «ልጆቿ ሳያስፈቅዱ አያስነጥሱም።»

ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ዓምድ ሁልጊዜ ቢጫ ይበዛባቸዋል፤ ተርጓሚዎቹ ሥራ የሚበዛባቸው ሰዎች ናቸው፣ ዛሬ ነገ ይላሉ። አምስተኛው ዓምድ ግን ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው። ከላይ እስከ ታች! እናቲቱ ዛሬ ብትለወጥ ነገ በሦስት ሰዓት የአምስተኛው ዓምድ ልጅ አብሮ ተለውጦ ይገኛል። ምክንያቱን ቢሮው ሁሉ ያውቃል። የአምስተኛው ቋንቋ ተርጓሚ አማቷ ናቸው።

ሽማግሌው በጉልምስናቸው የማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ፤ በራሳቸው ቋንቋ የሚታተም ጋዜጣ ላይ። ጋዜጣው ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል። ልጃቸው፣ የእሷ ባል ማለት ነው፣ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ቋንቋቸውን የሚያወራቸው ሰው የለም። እሷ በስድስት ዓመት ውስጥ የተማረችው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ «እንዴት አደሩ»፣ «ይብሉ» እና «ይደርቡ፣ ብርድ ነው»። ሽማግሌው የእሷን ቋንቋ ጥርት አድርገው ይናገራሉ፤ ጉድለት አይወጣላቸውም። ቢሆንም አንዳንዴ ምሳ እየበሉ ድንገት ዝም ይላሉ፤ ያን ጊዜ የሚሉት ነገር ጠፍቶባቸው ሳይሆን የሚሉት ነገር በሌላ ቋንቋ መጥቶባቸው እንደሆነ ታውቃለች።

የቀድሞው ተርጓሚ ሥራውን ሲለቅ፣ የዛሬ አራት ዓመት፣ «አባባ፣ ይሞክሩታል?» ብላ ጠየቀቻቸው። ማታውኑ የሱፍ ቆባቸውን ደፍተው፣ ከማተሚያ ቤት ያመጧትን አጉሊ መነጽር ይዘው ወጥ ቤቱ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተሰየሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠረጴዛው የእሳቸው ሆነ። አራሚ ዓይኑን አያምንም፤ ስለዚህ የጻፉትን ሁሉ ጮክ ብለው ያነቡታል። በእረፍቷ ቀን እሷ ሰሃን ስታጥብ የሽንት ምርመራ ውጤት ስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ ወደ ራጅ ክፍል ሲገባ ምን ዓይነት ጌጥ እንደሚወልቅ፣ በማታውቀው ቋንቋ፣ በሚንከባለል ድምፅ ይነበብላታል። ትርጉሙን ባታውቅ ኖሮ ቅኔ ነው ትል ነበር።

ነገሩ የጀመረው ኃላፊዋ ጠርታ «ሲስተም ልንቀይር ነው» ያለቻት ቀን ነው።

ኃላፊዋ ከእሷ በአሥር ዓመት የምታንስ ወጣት ናት። ክፉ አይደለችም፤ ችኩል ናት። አዲሱ ሲስተም ፈጣን ነው፣ በስልክ ላይ ያምራል፣ ብዙ ነገር አለው፤ ግን ውሉ የሚይዘው አራት ቋንቋ ብቻ ነው። «አንዷ ትቀራለች» አለች ኃላፊዋ፤ «በስሜት አንወስንም። የሚቀጥለውን አንድ ወር እንቆጥራለን። ትንሽ የተከፈተችው ትቀራለች።»

ቤት ገብታ ይህንኑ ለሽማግሌው ነገረቻቸው። ልትደብቅ አሰበች፤ ግን ሰውየው ከፊቷ ላይ ስሕተት መልቀም ልማዳቸው ነው።

«አባባ፣ ከእንግዲህ የማይከፈት ገጽ ይዘጋል አሉ።»

«ማነው የሚዘጋው?»

«ቁጥሩ ነዋ።»

«ቁጥር እጅ የለውም።»

«የኃላፊዋን ይዋሳል።»

ሽማግሌው ሻያቸውን አማስለው አማስለው ሳይጠጡት አስቀመጡት። ቆየት ብለው «አንድ ገጽ ተከፈተ የሚባለው ስንቴ ሲከፈት ነው?» አሏት።

«በቀን አንድ ጊዜም ቢሆን ይቆጠራል» አለቻቸው፤ ጀርባዋን ሰጥታ ድስት እየፈተገች ነበር። ምን እንዳለች እሷም ልብ አላለችውም።

ወሩ ሄደ። እሷ ስትወጣ ሽማግሌው ጠረጴዛቸው ላይ ናቸው፤ ስትመለስ ጠረጴዛቸው ላይ ናቸው። በእረፍቷ ቀን ከመኝታ ቤት ሆና የማውሱን ድምፅ ትሰማለች፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ንባባቸው ግን አጥሯል፤ ርዕስ ርዕሱን ብቻ ነው የሚያነቡት። ስሕተት እያደኑ ነው ብላ አለፈችው።

ውጤቱ በወጣ ቀን በትንሿ ስብሰባ ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነው ተቀመጡ፤ ኃላፊዋ፣ ሽቦና እሷ። ኃላፊዋ ግድግዳው ላይ ቁጥሮቹን አበራች።

«አንቺ አምስት ምላስ፣ ምን አስነክተሻቸው ነው?» አለች እየሳቀች። «ሁለተኛው አሥራ አንድ ሺህ። ይሄ የሚጠበቅ ነው። ሦስተኛው ሁለት ሺህ። አራተኛው ሰባት መቶ አሥራ አራት። አሁን ይሄን ተመልከቺልኝ፤ አምስተኛው ወደ ስድስት ሺህ አራት መቶ!»

ሽቦ አጨበጨበ። «ሽማግሌው ጉድ አፈሉ!»

«እኔ በልቤ አምስተኛዋን ቀብሬያት ነበር» አለች ኃላፊዋ። «ይቅርታ ልጠይቃቸው ይገባል። የምትቀረው አራተኛዋ ናት ማለት ነው። ዛሬውኑ ለዋናው ሥራ አስኪያጅ እነግረዋለሁ።»

እሷ ፊት ለፊቷ ያለው ወረቀት ጥግ ላይ ሁለት መቶ አሥራ ሁለትን በሠላሳ አባዛች። ስድስት ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ መጣ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ወረቀቱን በመዳፏ ሸፈነችው።

ስብሰባው ሲያልቅ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ወደ ቤት ስትሄድ በካርድ ክፍሉ በኩል አለፈች። ወረፋው ውስጥ አንዲት ሴት ስልኳን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ታነባለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቷ ቃል በቃል እየተከተለ ይሄዳል። በሴትዮዋ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። ያቺ ክብ ጠጠር፣ «ቀጠሮ»፣ በአራተኛው ቋንቋ፣ መስታወቱ ላይ ተቀምጣለች። ከሰባት መቶ አሥራ አራቱ አንዷ ይህች ናት። ከመጣችበት ሰፈር፣ ከታመመባት ሰው፣ ከስሟ ምንም የምታውቀው ነገር የለም። ጠጠሯን ብቻ ታውቃለች። ለሴትዮዋ መንገድ ለቀቀችና አንገቷን ደፍታ ወጣች።

በማግስቱ ቢሮ ከመሄዷ በፊት በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሽማግሌውን አየቻቸው። መኖሯን አላወቁም። አንዱን ገጽ ይከፍታሉ፤ ርዕሱን ያነቡለታል፤ ይዘጉታል፤ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ሐኪም በማለዳ አልጋ ለአልጋ እንደሚዞር ነው የሚዞሯቸው። ትኩሳት ይለካሉ ማለት ይቀላል። ሲጨርሱ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና አዩዋት።

«ሁሉም ደህና አድረዋል» አሏት።

ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ወጥቶ የተገኘው «ይደርቡ፣ ብርድ ነው» የሚለው ሆነ፤ በእሳቸው ቋንቋ። ሳቁና ደረቡ።

አምስት ቀን እንዲህ አለፈ። በአምስተኛው ቀን ሽቦ ቢሮዋ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሽቦ በር ዘግቶ አያውቅም፤ የራሱን ቢሮ በር እንኳ ነቅሎ መደርደሪያ ያደረገ ሰው ነው።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቆጪኝ።»

«ጠይቀኝ።»

«የቤታችሁ ኢንተርኔት በማን ስም ነው?»

«በእኔ ነዋ።»

«እሱማ በአንቺ ነው፤ የመስመሩን ቁጥር አውቀዋለሁ። እኔ የምለው፣ ጠዋት አንቺ ከወጣሽ በኋላ ቤት የሚቀረው ማነው?»

ወደ መስኮቱ ዞረች። አንሶላዎቹ ዛሬ ቀጥ ብለው ተሰቅለዋል፤ ነፋስ የለም።

«አማቴ።»

«ስንት እጅ አላቸው?»

ሳታስበው ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ደረቀ። «ሽቦ ሙት፣ እኔ አላዘዝኳቸውም።»

«አላልኩም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኮምፒውተር ግን ምን ማደር ያስፈልገዋል፣ ሁሉንም ጽፎ ነው የሚያስቀምጠው። ለዝውውሩ መዝገቡን ስጠርግ ነው ያየሁት። ከስድስት ሺህ አራት መቶው የእሳቸውን ሳወጣ ስንት ቀረ በይኝ።»

«ስንት?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ መቶ?»

«ዘጠኝ። የእጅ ጣት፣ ያውም አንዷ ተቆርጣ።»

ከኮሪደሩ የጋሪ ጎማ ሲንቋቋ ተሰማ፤ አለፈ።

«ስሚ» አለ ሽቦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ምንም አላየሁም። ሽቦ ዕውር ነው። ኃላፊዋ ከቁጥሩ በታች ቆፍራ አታውቅም፣ አሁንም አትቆፍርም። ሰውየው ደስ ብሏቸው ይኑሩ። ማንን ገደሉ?»

«አራተኛዋስ?»

ሽቦ ጭንቅላቱን አከከ። «አራተኛዋ… አራተኛዋ እንግዲህ ሰባት መቶ አሥራ አራት ሰው ነው። ከየቤቱ፣ ከየስልኩ። እሱን ደግሞ አይቻለሁ፤ ዕውር ነኝ ብልም።»

«ዘጠኙ ምን አነበቡ?»

ሽቦ ይዞት የመጣውን ኮምፒውተር ከፍቶ ወደ እሷ አዞረ። ዘጠኝ መስመር ነው። ዘጠኙም ሰዎች የከፈቱት አንድ ገጽ ነው፤ «የቤተሰብ አባል ሲያርፍ» የሚለውን፤ አስከሬን እንዴት እንደሚረከቡ የሚያስረዳውን። አጠገቡ የቆዩበት ጊዜ ተጽፏል። አምስት ደቂቃ። ዘጠኝ ደቂቃ። አንዱ አሥራ አራት ደቂቃ።

«ሦስት አንቀጽ ነው እኮ» አለች። «ሦስት አንቀጽ ለማንበብ አሥራ አራት ደቂቃ?»

«እያነበቡ አይመስለኝም የቆዩት» አለ ሽቦ።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊዋ ዘንድ ገባች። «ቁጭ በይ» ብትባልም አልተቀመጠችም። ተቀምጣ ብትናገረው የምትለምን እንዳትመስል ፈርታለች። ከድስቱ መፈተግ ጀምራ እስከ ዘጠኙ ድረስ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት። የሽቦን ስም ብቻ አላነሳችም።

ኃላፊዋ ፊቷ ቀስ እያለ ቀላ።

«ለዋናው ሥራ አስኪያጅ ከነገርኩት አምስት ቀን ሆነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ! በስብሰባው ላይ ታውቂ ነበር?»

«ወረቀቱ ላይ ሳባዛው አወቅሁ።»

«አባዝተሽ ዝም አልሽ። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ ‹አምስተኛው ቋንቋ አስደነቀን› ብዬ ጻፍኩ።» ብዕሯን ወረወረችው፤ ጠረጴዛው ላይ ተንከባሎ ወደቀ፤ ማንም አላነሳውም። «አንቺን እኮ ነው ያመንኩት። ቁጥሩን አይደለም።»

«ዘጠኙ ግን እውነት ናቸው» አለች። «ያችን አንዲት ገጽ ብቻ ማሻገር አይቻልም? አንዲት ገጽ።»

«ሲስተሙ ገጽ አይቆጥርም፤ ቋንቋ ነው የሚቆጥረው። ለአንዲት ገጽ ስል አራተኛዋን ላስቀር?»

«አይ። አራተኛዋንማ አታስቀሪ።»

«እንግዲያው አርብ በስድስት ሰዓት አምስተኛዋ ትዘጋለች።» የኃላፊዋ ድምፅ ተሰበረ፤ ተናዳ ይሁን አዝና አይታወቅም። «የአዲሱን ሲስተም ቁልፍም ለሽቦ እሰጠዋለሁ። አንቺ ጽሑፍ ታስገቢያለሽ፤ ማጽደቁ የእሱ ነው። ከዚህ በላይ ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

አሥራ አንድ ዓመት። ያቺን ሰንጠረዥ ማለዳ የከፈተ ሌላ ሰው የለም። ወደ ቢሮዋ ተመልሳ ነጥቦቹን አየቻቸው፤ አምስተኛው ዓምድ ከላይ እስከ ታች እንደ ቡቃያ ለምልሟል። ምንም የማያውቅ ነገር ደስ ሲለው ማየት እንዴት ያለ ሐዘን ነው! ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ገና ፀሐይ ነበረ። ሽማግሌው ሁለት ትራስ ከጀርባቸው አድርገው ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ኮቷን ሳታወልቅ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«አባባ፣ ሊዘጉት ነው። አርብ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ከፍቼዋለሁ እኮ። ሁሉንም። አንድ ቀን አላስታጎልኩም።»

«አውቃለሁ። ሁሉንም የከፈተው አንድ ሰው መሆኑን አወቁ።»

«አንድ ሰው አይቆጠርም?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቆጠረው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሱ፤ ትኩስ ነገር እንደነካ ሰው ጭናቸው ላይ አሳረፉት። «ነግሬሽ ቢሆን ኖሮ… አንቺን ችግር ላይ ጣልኩሽ?»

«አይ» ልትል ነበር። «ትንሽ» አለች።

ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ጀርባቸው ጠበበ። «ያ ልጅ ቢኖር ይስቅብኝ ነበር። ‹አባዬ፣ ባዶ ቤት ስታንኳኳ ከረምክ› ይለኝ ነበር።» መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ። «ለካ ከእኔ ሌላ አንድም ሰው አልነበረም።»

«ነበረ። ዘጠኝ ሰው አንብቦታል።»

ሽማግሌው ዞሩ። ይከፋቸዋል ብላ ነበር የጠበቀችው።

«ዘጠኝ?»

«ዘጠኝ።»

«እኔ የማላውቃቸው ሰዎች?»

«የማያውቋቸው።»

«በዚህ ወር ብቻ?»

«በዚህ ወር ብቻ።»

ተመልሰው ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ የመጣውን ነገር ምን ብላ እንደምትጠራው አታውቅም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አላየችውም። «እኔ እኮ አንድም የለም ብዬ ነው። አራት ዓመት ሙሉ አንድም የለም እያልኩ ነው የሠራሁት። ዘጠኝ ሰው! ዘጠኝ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ቢገባ እኮ ወንበር አይበቃም።» ሳቁ። «የትኛውን ነው ያነበቡት?»

እዚህ ላይ ብትዋሽ ምን ነበረበት? የክትባቱን ነው፣ የወሊዱን ነው ብትል? ግን አራሚ ናቸው።

«‹የቤተሰብ አባል ሲያርፍ› የሚለውን። ዘጠኙም።»

ሳቃቸው ቀስ ብሎ ወረደ። «እሱን» አሉ። ዘጠኝ አንባቢ፣ ዘጠኝ ሬሳ። በጣታቸው ጠረጴዛውን ቆረቆሩት። «በዚያ ገጽ አፍራለሁ» አሏት።

«ምን ሆኖ? ስሕተት የለውም።»

«ስሕተትማ የለውም። መጀመሪያው መስመር ምን ይላል? ‹የሟችን መታወቂያ ይዘው ይቅረቡ› ይላል። ሰው ሞቶበት የመጣን ሰው ደጃፍ ላይ ተቀብለሽ መታወቂያ አምጣ ትይዋለሽ? በእኛ ቋንቋ እንዲህ ብሎ አፉን የሚከፍት ሰው እንደ ሰው አይቆጠርም። መጀመሪያ ያጽናችሁ ይባላል።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«እናቲቱ ላይ የለማ። አራሚ ያልተጻፈ አይጨምርም።»

ማክሰኞ ነበር። የአሮጌው ሲስተም ቁልፍ እስከ አርብ በእጇ ነው። ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ ሳበችና በራሷ ስም ገባች። በሲስተሙ ውስጥ በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን ነክታ የማታውቀው ቁልፍ አለ፤ ልጁን ከእናቱ የሚለይ ቁልፍ። ነካችው። ሲስተሙ ጠየቃት፤ ይህ ገጽ ከአሁን በኋላ ከዋናው ገጽ ምንም ለውጥ አይቀበልም፣ ወደ ሌላ ሥርዓትም አብሮ አይሻገርም፣ እርግጠኛ ነዎት? ወትሮም አይሻገርም፤ እርግጠኛ ነኝ አለች። አረንጓዴዋ ነጥብ ጠፋችና ቦታዋ ባዶ ሆነ።

«ይጻፉ» አለቻቸው።

ሽማግሌው በአንድ ጣት ይጽፋሉ። ይጽፋሉ፣ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ይሰርዛሉ። ኮቷን አውልቃ ሻይ አፈላች፤ ሻዩ ቀዘቀዘ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጅተው የጻፉት አራት መስመር ነው። ከመታወቂያው በላይ አስቀመጡት።

«ምን ይላል?» አለቻቸው።

«በአንቺ ቋንቋ ሲሆን ትንሽ ይጎረብጣል።» በጣታቸው እየተከተሉ ነገሯት። «‹ከእናንተ ጋር አዝነናል። ያጽናችሁ። ይህን የምታነቡት ቆማችሁ ከሆነ ተቀመጡ፤ ከአስከሬን ክፍሉ በር በስተግራ ወንበር አለ። የሚጣደፍ ነገር የለም።›»

ወንበሩን እሷም አወቀችው። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ የባሏን አስከሬን መረከቢያ ወረቀት ልታስፈርም ከክፍል ክፍል ስትሮጥ፣ እሳቸው እዚያ ወንበር ላይ ቆባቸውን በሁለት እጅ ይዘው ተቀምጠው ነበር። የጻፉትን አስቀመጠችው፤ ገጹ ወጣ። ሽማግሌው ገብተው ተኙ፤ በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አልነበሩም።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ቢሮዋ ከመውጣቷ በፊት ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። የአስከሬን ክፍሉ በር ተዘግቷል። በስተግራ ምንም አልነበረም። ወለሉ ላይ አራት የወንበር እግር ምልክት ብቻ ቀርቷል። ዘበኛውን ጠየቀችው።

«የዚህ ወንበርማ ድሮ ነው የሄደ» አላት። «ወደ ካርድ ክፍል ወስደውታል። እዚህ ማን ይቀመጣል ብለው።»

ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ቢሮዋ ውስጥ ለእንግዳ የተቀመጠች አንዲት ወንበር ነበረች፤ ሽቦ ሲመጣ የሚቀመጥባት። ተሸከመቻት። አሳንሰሩ የበሽተኛ አልጋ ይዞ ስለነበር በደረጃ ወረደች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሽቦ አገኛት።

«ወዴት ነው በወንበሬ?»

«ገጹ ላይ ወንበር አለ ይላል» አለችው፤ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «የለም።»

ሽቦ አንድ ነገር ሊቀልድ አሰበ፤ ተወው። የወንበሩን ሁለት እግር ያዘላት።

ገጹ በቀሩት ቀናት ሁለት ጊዜ ተከፈተ። አርብ በስድስት ሰዓት ሽቦ ዘጋው፤ እሷ ከኋላው ቆማ ነበር። አምስተኛው ዓምድ ቀስ ብሎ አይደለም የጠፋው፤ ባንዴ ነው፤ አራቱ ተሳስበው ቦታውን ሞሉት፤ ከዚያ በፊት አምስት እንደነበሩ የሚያውቅ ሰው ካልሆነ የሚጠረጥር አይኖርም።

ምሳ አልበላችም። ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ወንበሩ ላይ አንድ ጎልማሳ ሰው ተቀምጧል፤ ጫማው ጭቃ ነው፤ ስልኩ ጠፍቶ በእጁ ላይ ተንጠልጥሏል። ስታልፍ ቀና ብሎ አያት። አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም አለችው። ምን ቋንቋ እንደሚናገር ለማወቅ ፈለገች፤ እሱ ግን ምንም አልተናገረም።